የቀያሹ ካስማ

ቀያሹ በገዛ ድንኳኑ እንደተጠቀለለ ሐይቁ ዳር ተገኘ። ውሃው ሌሊቱን ሲያገላብጠው አድሮ ጠዋት ላይ እንደማያስፈልገው ዕቃ አሸዋው ላይ ትቶት ሄዷል። የድንኳኑ ዚፕ እስከ ላይ ተዘግቷል። አንዱ ገመድ ጫፍ ላይ፣ ጭንቅላቱ ቀይ የተቀባ የእንጨት ካስማ እንደታሰረ ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው በአንሶላ ተሸፍኖ ነበር። የሥራ ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል። ጉልበቷን ስለሚያማት ይሁን በሌላ ምክንያት አታውቅም፤ ጠይቃም አታውቅም። ከመኪናው ወርዳ አንድ ጊዜ ወደ ሐይቁ፣ አንድ ጊዜ ወደ ተራራው አየችና፣

«ማነው የጠራን?» አለች።

«ሚስትየዋ ናቸው» አለ ሹፌሩ ኮንስታብል። «እዚህ ያሉት ፖሊሶች ጎርፍ ወሰደው ብለው ሊዘጉት ነበር። እሳቸው በጄ አላሉም። ባሌ ተገድሏል ብለው መንገድ ላይ ተቀመጡ።»

«መንገድ ዳር?»

«መሃል ላይ። አምቡላንሱ በጓሮ ዞሮ ነው የገባው።»

ሚስትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። በዚህ ቀን እንኳ የሹራቧ ኮሌታ ላይ መርፌ ተሰክቷል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ እጇን ያዘቻት።

«እትዬ፣ ፈጣሪ ያጽናዎት።»

«ያጽናኛል። አንቺ ግን መጀመሪያ ስሚኝ» አለች ሴትየዋ። አላለቀሰችም። «ባሌ ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲለካ የኖረ ሰው ነው። መንገዱ በየት ይለፍ፣ ድልድዩ የት ይቁም ሲባል እሱ ነው የሚጠራው። ይሄ ሰው የውሃ መውረጃ ላይ ድንኳን ተክሎ ተኛ ብትዪኝ፣ ዓሣ ዛፍ ላይ ወጣ እንዳልሽኝ ነው የምቆጥረው።»

«ጎርፉ የወሰዳቸው ግን ከውሃ መውረጃው ነው።»

«እሱን ነው እኮ የምልሽ። እዚያ ያስተኛው ሰው አለ።»

«ማን ይመስልዎታል?»

ሴትየዋ ከማዶ ወደቆመው አማቿ፣ ወደ ልጇ ባል፣ አየት አደረገችና ዓይኗን መለሰች። «እኔ ምንም አልልም። አንቺ ነሽ የምትዪው።»

ይህ ቤተሰብ በየበጋው ሐይቅ ዳር ወጥቶ ይሰነብታል። የሚሰፍርበትን ቦታ የሚመርጠው ቀያሹ ነው፤ ሌላ ሰው መርጦ አያውቅም። ጠዋት ይደርሳል፣ አፈሩን ያሸታል፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ ነፋሱን ይለካል፣ ከዚያ ቀዩን ካስማ ያስተክላል። ካስማው ከቆመ በኋላ ክርክር የለም። የተከራከረ ሰው ስለ መሬት ተዳፋትና ስለ ውሃ አፈሳሰስ ረጅም ትምህርት ይሰጠዋል፤ ትምህርቱን ሁለተኛ ልስማ ያለ ሰው እስካሁን አልተገኘም። የመጀመሪያዋን ሌሊት ቀያሹ እዚያው ብቻውን ያድራል። «ቦታ መቅመስ» ይሉታል። ትንኝም ካለ እኔን ይንከሰኝ፣ ጉንዳንም ካለ እኔን ይውረረኝ ነው ነገሩ። ሌሎቹ ከመንገዱ በላይ ባለው የእንግዳ ማረፊያ አድረው በማግስቱ ጓዛቸውን ይዘው ይወርዳሉ።

ትናንትም እንደዚሁ ነበር። ካስማው ጠዋት ተተከለ። ቀያሹ የድንኳን መትከያ ፈቃድ ሊያወጣ ወደ ከተማ ሄደ። ፈቃድ ሰጪው ስብሰባ ላይ ነበር፤ ስብሰባው ፈቃድ እንዴት በፍጥነት እንደሚሰጥ የሚመክር ስለነበረ ረዘመ። ቀያሹ የተመለሰው ጨለማ ሲይዝ ነው። ድንኳኑን ተክሎ ተኛ። ሌሊት ተራራው ላይ በበጋ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ።

የመርማሪዋ የፖሊስ ሬዲዮ ጮኸ። አዛዡ ነው።

«ምን አገኘሽ?»

«መድረሴ ነው።»

«አማቹን ይዘሽ ነይ። የሐይቁ ጥበቃ ትናንት ሲመሽ ካስማው አጠገብ ብቻውን ቆሞ አይቶታል። ቁርስ ላይ ከሟች ጋር ተነጋግረዋል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ምክንያት።»

«አማች ነው አልኩሽ እኮ። እስከ ምሳ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። ታጣሪ ብዬሽ ነው እንጂ እሱን እኔም ከዚህ ሆኜ እይዘው ነበር።»

አማችየው ፀጉር አስተካካይ ነው። የሚስቱ አጎት «መቀስ» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ ስሙ ሲጠራ አቤት ስለሚል ቀርቶለት አያውቅም። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጭቃ ተለውሷል። ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው እሱ ነው።

«ካስማው የት ነበር የተተከለው?» አለች መርማሪዋ።

«ጉብታው ላይ። መዶሻውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ምታ አሉ፣ መታሁ። ጨምር አሉ፣ ጨመርኩ። በሬ ቢታሰርበት አይነቀልም ነበር።»

«ሲመሽ አጠገቡ ቆመህ ስትታይስ የት ነበር?»

«ሲመሽ… ዛፉ ስር ነበር።»

«ማን ወሰደው?»

«ጋሼ ሐሳባቸውን ቀየሩ ብዬ ነው።»

«እሳቸው ከተማ አልነበሩም እንዴ?»

አማችየው አሁን ገና እንዳሰበው አፉን ከፈት አድርጎ ቆየ። «እንጃ» አለ። «ጋሼ መቼ አደረጉት ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም እኮ እኛ ቤት።»

«ቁርስ ላይ ምን ተባባላችሁ?»

«ምንም። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ዘንድሮ ጉብታ ከምንወጣ ለጥ ያለ ቦታ ብንፈልግ አልኩ። ጋሼ፣ አማች ድንኳን ይሸከማል እንጂ ቦታ አይመርጥም አሉ። ሰው ሳቀ።»

«አንተስ?»

«እኔም ሳቅሁ። ሁሉም ሲስቅ ምን አደርጋለሁ?»

አጎትየው፣ የሟች ታናሽ ወንድም፣ መካኒክ ነው። የእንግዳ ማረፊያው ደረጃ ላይ ተቀምጦ የዓሣ ማጥመጃ ገመድ ይፈታል። ገመዱ አልተወሳሰበም፤ እሱ ግን ይፈታዋል።

«ወንድሜን የገደለው ግትርነቱ ነው» አለ ቀና ሳይል። «የተተከለ ካስማ ሁለተኛ አይለካም ይል ነበር። ሁለቴ የለካ ሁለት መልስ ያገኛል፣ ሁለት መልስ ያገኘ ቀያሽ እንቅልፍ የለውም፣ ይል ነበር። እንቅልፉን አገኘ እንግዲህ።»

«የት ነበር የተከሉት?»

«ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይታይሻል? ከጀርባው።»

«አማቹ ጉብታው ላይ ነበር አለኝ።»

«መቀስ? መቀስ ይዋሻል። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ እልሻለሁ፤ ከድንጋዩ ጀርባ። ምን ታይቶት እንደሆነ አላውቅም። እርጅና ነው። ጉልበቱም ከድቶት ነበር መሰለኝ፣ ካስማው እንደ ወተት ጥርስ ይነቃነቃል።»

መርማሪዋ የሚፈታውን ገመድ አየች። «ዓሣ አለ እዚህ ሐይቅ?»

«ሞልቶ። ምን ያደርጋል? ወንድሜ ሁልጊዜ ከፍታ ላይ ነው የሚያሰፍረን። ዓሣ ይዤ ዳገቱን ስወጣ ዓሣው ከእኔ የተሻለ ይተነፍሳል።» ሊስቅ ጀመረና በመሃል አስታወሰ። ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠው።

የቀያሹ ልጅ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። መስኮት አጠገብ ሆና ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ከታች ያለውን ባሏን ታየዋለች። የሌላው እጇ መዳፍ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነሽ ነው እጅሽን?»

«ጣሳ ስከፍት ቆረጠኝ።»

ፋሻው ላላ ብሎ ነበር። ከሥሩ የሚታየው ቁስል የተቆረጠ አይመስልም፤ ውሃ የቋጠረ ነው። መርማሪዋ ያየችውን እንዳላየ ሆነች።

«አባትሽ ካስማውን የት ተከሉት?»

«ጉብታው ላይ ነዋ። እኔም ባለቤቴም ነበርን።»

«አጎትሽ ከድንጋዩ ጀርባ ነው አሉ።»

ልጅቷ ከመስኮቱ ሳትዞር፣ «አጎቴ ብዙ ነገር ይላል» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ሊወስዱት ነው አይደል? የልጄን አባት?»

«ገና እያየሁ ነው እህቴ። ትናንት ቀኑን እንዴት ዋልሽ?»

«ስልክ ስጠብቅ። ሐኪሙ በምርመራው ላይ አንድ ነገር አይቻለሁ፣ ውጤቱን ደውዬ እነግርሻለሁ ብሎኝ ነበር። እዚህ ማረፊያውም ጉብታውም ላይ ኔትወርክ የለም። አባዬ ደግሞ ስለ ኔትወርክ ሲነግሩት ስለ ንፋስ ይመልሳል።»

«ደወለ?»

«ደወለ። አባዬ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ። ሕፃኑ ደህና ነው አለኝ።» ይህን ስትናገር ነው ያለቀሰችው።

መርማሪዋ ወደ ሚስትየዋ ተመለሰች። ሴትየዋ ከመንገዱ ተነስታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ወንበሩ መንገዱ ላይ ነው።

«እትዬ፣ ትናንት ካስማውን አይተውት ነበር?»

«ሳላየው! ውሃው ጫፍ ላይ። ማዕበሉ እግሩን ሊስመው ምንም አልቀረውም። ወገቡ እርጥበት እንደማይወድ እያወቀ።»

«ውሃው ጫፍ ላይ?»

«እንግዲህ እኔ ያየሁት እዚያ ነው። ከዋሸሁ አንድዬ ይፍረድብኝ።»

የሐይቁ ጥበቃ ደግሞ ሲጠየቅ ጠመንጃውን ከትከሻው ወደ ትከሻው አዛወረና ያለውን አለ፤ ሲመሽ ካስማው ትልቁ ዛፍ ስር ነበር፣ አማችየውም አጠገቡ ቆሞ ነበር፣ ሌላ አያውቅም። ይህን ብሎ ያላወቀውን ሌላ ብዙ ነገር ተናገረ።

መርማሪዋ ወደ ታች ወረደች። ሹፌሩ ከኋላዋ ይከተላል፤ ከእሷ ጋር ለመራመድ አንድ ሄዶ አንድ መቆም ነበረበት። ጉብታው አናት ላይ አንድ ቀዳዳ አገኘች። ጥልቅ ነው፤ አፉ ግን እንደ ጡሩምባ ሰፍቷል፣ አንድ ሰው ይዞ ወዲያና ወዲህ ሲወዘውዘው የቆየ ይመስላል። ወደ ጠፍጣፋው ድንጋይ ጀርባ ሄደች። እዚያ ሌላ ቀዳዳ አለ፤ ይሄኛው ጣት አይውጥም፣ በእጅ ተጫን ተጫን የተደረገ ነው። ከዚያ ወደ ውሃው ጫፍ። እዚያ ቀዳዳ አልነበረም። ቀይ ቀለም የነካው የጡብ ያህል ድንጋይ ግን ወድቋል። አጠገቡ አሸዋው አንድ ቦታ ላይ ተደልድሎ፣ ዳር ዳሩ በመዳፍ ተጠቅጥቆ፣ ከሌላው አሸዋ በጣም አምሮ ይታያል። መርማሪዋ ጣቷን ሰደደችበት። ሰመጠ።

«ምን እየፈለጉ ነው?» አለ ሹፌሩ።

«ቀዳዳ።»

«አገኙ?»

«በዛብኝ።»

ትልቁ ዛፍ ስር ምንም አልነበረም። ጎርፉ ጠርጎታል፤ ሥሩ ላይ የተጠመጠመ የድንኳን ገመድ ቁራጭ ብቻ ቀርቷል። ዛፉ ያለው ከተራራው የሚወርደው ደረቅ ወንዝ ሆድ ውስጥ ነው። ደረቅ ሲሆን ወንዝ አይመስልም፤ በሁለት ቁጥቋጦ መካከል ያለ ለስላሳ የአሸዋ ምንጣፍ ይመስላል። መርማሪዋ ረጅም ጊዜ ቆመች።

ሁሉንም የእንግዳ ማረፊያው ምግብ ቤት ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ አበባ ያለበት ፕላስቲክ ተነጥፏል። ሚስትየዋ ወንበሯን ከመንገድ ይዛ ገባች። አጎትየው ከዳር፣ ልጅቷ ከባሏ አጠገብ ተቀመጡ። ባሏ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ካቴና የሚጠብቅ ይመስላል።

«ስለ አንድ ካስማ ጠየቅሁ» አለች መርማሪዋ፣ «አራት ቦታ ተነገረኝ። ጉብታው፣ ድንጋዩ፣ ውሃው ጫፍ፣ ዛፉ። አለቃዬ ይሄን ቢሰማ ሦስቱ ውሸታሞች ናቸው ይላል። እኔም መጀመሪያ እንዲያ መስሎኝ ነበር። መሬቱን ሳየው ግን ማንም አልዋሸም። ችግሩ እሱ ነው።»

«አራቱም እንዴት እውነት ይሆናል?» አለ አጎትየው። «ካስማ እግር አለው?»

«እግር አበደራችሁት። ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ካስማው ጠዋት ጉብታው ላይ በመዶሻ ነው የገባው። የመታው አማቹ ነው፤ በሬ ቢታሰርበት አይነቀልም ብሎኛል፣ ቀዳዳውም ይመሰክራል። እርስዎ ደግሞ እንደ ወተት ጥርስ ይነቃነቃል አሉኝ። አንድ ካስማ በአንድ ቀን ሁለቱንም አይሆንም። ስለዚህ እርስዎ ያገኙት ወንድምዎ ያስተከሉትን አይደለም። በፊትዎ ሌላ ሰው ነቅሎ መዶሻ በሌለው እጅ መልሶ ሰክቶታል።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «እህቴ፣ ጣሳ ይቆርጣል እንጂ ውሃ አያስቋጥርም።»

ልጅቷ የታሰረ እጇን ከጠረጴዛው በታች አወረደች። ከዚያ መልሳ አወጣችው።

«ድንጋዩ ጋ ብቻ ነው ኔትወርክ ያለው» አለች። «ሳምንቱን ሙሉ ጉብታ ላይ ሆኜ የልጄን ነገር ሳልሰማ ልቀመጥ? ትንሽ ነው ያወረድኩት። አባዬ ሲመለስ ቢያየውም ይቆጣኛል እንጂ ምን ይለኛል ብዬ። ተክዬው ቀና ሳልል ስልኩ ጠራ። ደህና ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ ካስማው ድንጋዩ ጋ ይሁን ሰማይ ላይ ይሁን ግድ አልነበረኝም። ልመልሰውም አላሰብኩም። በደስታ ረሳሁት።»

አጎትየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይነቃነቃል ያልኩት…»

«ካልነኩት እንዴት አወቁ?»

«በእግሬ ነካ አድርጌው።»

«ቀዩ ቀለም ያለው ድንጋይ ላይ ነው። ድንጋዩ ውሃው ጫፍ ላይ ነው። በእግርዎ ነካ ሲያደርጉት እስከዚያ ሄደ?»

መካኒኩ በረጅሙ ተነፈሰ። «ዳገቱን ታውቂዋለሽ አይደል?» አለ ለመርማሪዋ ሳይሆን ለጠረጴዛው። «አንድ ዓመት፣ አንድ ዓመት ብቻ በድንኳኔ በር ዓሣ ላጥምድ አልኩ። ወንድሜ ድንጋይ ጀርባ ከተከለ አእምሮው እየሄደ ነው፣ ወደ ውሃ ባስጠጋውም አያውቅ አልኩ። ያስተከለው እዚያ መስሎኝ እኮ ነው። በድንጋይ ቀጥቅጬ አጠበቅኩት። ውሃ ጫፍ ሰው አይሞትም እኮ። ውሃ ጫፍ ሰው ይረጥባል።»

«ልክ ነዎት። እዚያ ቢቆይ ይረጥቡ ነበር።»

ከዚህ በኋላ መርማሪዋ የጠረጴዛውን ፕላስቲክ በመዳፏ ደለደለች። ሹፌሩ ወለሉን ያያል። ሚስትየዋ ራሷ ነች የጠየቀችው።

«ሦስተኛው ማነው?»

«እትዬ…»

«ንገሪኝ። ለእሱ ነው የጠራሁሽ።»

«የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች አፋቸውን ከፍተው ነው የተተዉት» አለች መርማሪዋ። «ልጅዎ ቸኩላ ነበር። አጎቷ ግድ አልነበራቸውም። ሦስተኛው ግን ተደፍኗል። ተደልድሎ፣ ዳሩ ተጠቅጥቆ፣ ስፌቱ እንዳይታይ ሆኖ። ሥራውን አሳምሮ የለመደ እጅ ነው የደፈነው። ደግሞም ካስማው ውሃው ጫፍ ላይ እንደነበረ ከወንድማቸው ሌላ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርጥበቱም ያሳሰበው።»

ሴትየዋ እጇን ወደ ኮሌታዋ ወሰደች። መርፌውን ዳሰሰችው፤ አላወጣችውም።

«ወደ ጥላው ነው ያስጠጋሁት» አለች። «ጠዋት ፀሐይ ቀድማ ትቀሰቅሰዋለች፤ አንድ ቀን እንኳን ይተኛ ብዬ። አሸዋው ለስላሳ ነበር። ፍራሽ ይመስል ነበር።»

«ፍራሽ ያስመሰለው ውሃ ነው እትዬ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የሚያውቀው እሱ ነው። ከተሳሳትኩ መጥቶ ያየዋል፣ ይስቅብኛል፣ ነቅሎ ይወስደዋል ብዬ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው መልሶት ይሆናል ብዬ ነው የጠራሁሽ። እንዴት አያይም? ዓይን ያለው ሰው እንዴት አያይም?»

«ጨለማ ነበር። ካስማውንም ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። የተተከለ ካስማ ሁለተኛ አይለካም።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ» አለች ሴትየዋ ቀስ ብላ፣ «ካስማውን ከዓይኑ አስበልጦ እንደሚያምን አላውቅም ነበር።»

አጎትየው ከወንበሩ ተነስቶ መልሶ ተቀመጠ። «እሺ፣ ታዲያ ማነው የገደለው?»

«ከልጃቸው በቀር ሁለታችሁ እሳቸው ያስተከሉትን የነቀላችሁ መስሏችሁ ሌላው የተከለውን ነው የነቀላችሁት። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ብቻ ቢነካው ኖሮ ዛሬ ቁርስ ላይ ስለ ተዳፋት ሲያስተምሯችሁ ታረፍዱ ነበር። ሦስታችሁም ነካችሁት።»

«ካስማ መንቀል ያሳስራል?»

«የመሬት ወሰን ከሆነ። ይሄ ወሰን አይደለም።»

«እና ማንም አይታሰርም?»

«በምን አስሬ? አንዷ ስልክ ፈለገች፣ አንዱ ዓሣ ፈለገ፣ አንዷ ባሏ እንዲተኛ ፈለገች።» መርማሪዋ ይህን ስትል ደስ የሚላት መስሎ አልታየም። የሚያሳስር ነገር ብታገኝ የሚቀላት ትመስል ነበር።

ልጅቷ የባሏን ትከሻ ያዘች። «እሱ አልነካውም ማለት ነው? አልነካውም አይደል?»

«አልነካውም።»

«ይቅርታ መቀስ» አለ አጎትየው። ከዚያ ቅጽል ስሙን መጥራቱ ለራሱም ደስ ስላላለው፣ «ይቅርታ ልጄ» አለ።

አማችየው እጁን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳም።

«አልነካሁትም» አለ። «መብራቱን የያዝኩት ግን እኔ ነበርኩ።»

«የምን መብራት?» አለች ሚስቱ።

«ድንኳኑ ሲተከል። አማች ድንኳን ይሸከማል፤ ተሸክሜ ወረድኩ። ካስማውን ዛፉ ስር ሳየው ጠዋት የመታሁበት ቦታ እንዳልሆነ አወቅሁ። እግሬ አሸዋው ውስጥ ይገባል። የውሃ መንገድ መሆኑን ማንም አይነግረኝም፣ ታውቆኛል። ጋሼ እስኪመጡ ልንገራቸው ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ጥበቃው ያየኝ ያኔ ነው። መጡ። ደክሟቸዋል። ጋሼ ይሄ ካስማ፣ አልኩ። ድንኳኑን አውርድ አሉኝ። አወረድኩ። መብራቱን ከፍ አድርግ አሉኝ። ከፍ አደረግሁ።» «ቁርስ ላይ የሳቃችሁት ጆሮዬ ውስጥ ነበር። አሁን ደግሞ ብናገር ነገ ጠዋት እንደገና ይሳቃል አልኩ። ዝም አልኩ። ጨርሰው ሲገቡ፣ ጎበዝ አሉኝ። ከተጋባን ጀምሮ ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። ደስ ብሎኝ ወጣሁ እኮ። ዝናቡን ስሰማ ነው የሮጥኩት።»

ልጅቷ እጇን ከትከሻው ላይ አላነሳችም። አላጠበቀችውም።

የመርማሪዋ ሬዲዮ ጮኸ። ወደ በረንዳው ወጣች።

«ይዘሽዋል?» አለ አዛዡ።

«አልያዝኩትም።»

«ማንን ይዘሻል ታዲያ?»

«ማንንም። ጎርፍ ነው።»

«ጎርፍ እንደሆነ ጠዋት አውቀን የለም እንዴ? ቤንዚን አቃጥለሽ እዚያ ድረስ የሄድሽው ጎርፍ ነው ልትዪኝ ነው?»

«አዎ» አለች መርማሪዋ፤ ሬዲዮውም ተዘጋ።

ስትዞር ሚስትየዋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ተሳስቶ ሞተ ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

«አልጽፍም። እሳቸው የመረጡት ቦታ ትክክል ነበር። ጉብታውን ውሃ አልነካውም፤ ሣሩ እንኳን አልተኛም። እሱን እጽፋለሁ።»

«እሱን ጻፊ» አለች ሴትየዋ። ከዚያ እንደማይጠቅማት ገባት መሰል፣ ፊቷ ላይ የነበረው ጥንካሬ ባንድ ጊዜ የሄደበት ጠፋ። በሩን ይዛ ቁጭ አለች።

ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። መርማሪዋ እያነከሰች ስትወርድ ግን ወርዶ ውጪ ቆሞ አገኘችው።

«እንግዳ አለን» አለ።

አማችየው የፖሊሱ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቀበቶውን አስሯል። ሚስቱ በመስኮቱ በኩል እጁን ይዛ ትጎትታለች፤ ሆዷ በሩ ላይ ተደግፏል።

«ውረድ እንጂ። ምንም አላደረገም ተብሏል እኮ። ሰማህ? ምንም አላደረክም።»

«ሰምቻለሁ» አለ።

መርማሪዋ በሩን ከፈተችው። «ወንድሜ፣ ውረድ። የምወስድህ በምንም የለም።»

«ይፈልጉልኝ።»

«ሕጉ ላይ የለም።»

«እርስዎ ጎበዝ ነዎት አሉ። ይፈልጉልኝ።»

አጎትየው ከኋላ መጥቶ ቆመ። ምን እንደሚል ስላላወቀ በጎማው ዙሪያ ዞሮ አየር እንዳለው በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ከላይ ከበረንዳው የሴትየዋ ለቅሶ መሰማት ጀመረ።

ሹፌሩ ወደ መርማሪዋ ጠጋ አለ። «በቃ ይልቀቁት፤ ትዕዛዝ ይስጡትና ይውረድ።»

«ያልያዝኩትን ሰው ምን ብዬ ልልቀቀው?»

ይህንን ብላ የመኪናውን በር እንደተከፈተ ተወችውና፣ ጉልበቷን ይዛ ከልጅቷ አጠገብ መንገዱ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሹፌሩ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ እጁን በመስኮቱ አስገብቶ ሞተሩን አጠፋው።